አክፍሎት ከቻልኩ ዐሥር ቀን በውሃ ብቻ ምን ያቅተኛል?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ የአራት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 87 ኪሎ። ከወለድኩ በኋላ የመጣ ውፍረት ነው፤ ሄደልኝ ስል ይመለሳል። ከዓመት በፊት ግፊት አለብሽ ተብዬ ጠዋት ጠዋት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ፤ ያቺን ሽንት የምታሸናዋን ክኒን። በቅርቡ ደግሞ አልትራሳውንድ ተነሥቼ ጉበትሽ ላይ ስብ አለ፣ ክብደት ቀንሺ ተባልኩ። እንዴት እንደምቀንስ ግን የነገረኝ የለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ክርስትና ቤት ሄደን አማቴ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሆዴን ዳበስ አድርገው «ሁለተኛው መጣ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ሽንት ቤት ቆልፌ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቪዲዮ ነው የማየው። ዐሥር ቀን በውሃ ብቻ የጾሙ ሰዎች፣ ፊታቸው ጠርቶ፣ ዐሥር ኪሎ ቀንሰው። አንድ ስኮትላንዳዊ 382 ቀን ቆይቷል ይላሉ። ሰውነት ያረጀውን ሴል ራሱ እየበላ ይጸዳል፣ ይህን ያገኘው ሰውም ኖቤል ተሸልሟል ይላሉ። እኔ ደግሞ ለጾም አዲስ አይደለሁም። በየዓመቱ አከፍላለሁ፤ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ያንን ከቻልኩ ውሃ እየጠጣሁ ዐሥር ቀን ምን ያቅተኛል?

እቅዴ ይኸውና። ባለቤቴ ማክሰኞ ለሁለት ሳምንት ፊልድ ይወጣል። ረቡዕ እጀምራለሁ። በቀን አምስት ሊትር ውሃ። ዐሥረኛው ቀን ዓርብ ይሆናል። በማግስቱ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ስለሆነ እዚያው እገድፋለሁ። ለሠርጉ ያሰፋሁት ሀበሻ ቀሚስ ወገቡ ላይ አልዘጋ ብሎኛል፤ በዚያው እሱም ይሆንልኛል። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፣ አይፈቅድልኝም። ሠራተኛችንን ጨጓራዬን አሞኝ ነው እላታለሁ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር አራት ቀን ልሞክር ብዬ ጀምሬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥቼ፣ ከልጄ የተረፈውን ፓስታ ፍሪጁ ፊት ቆሜ ከነድስቱ ጨረስኩት። ከዚያ ዳቦ። ከዚያ ማር በማንኪያ። የፍሪጁን በር እንኳ አልዘጋሁትም። ጣቴን ከትቼ ላስመልሰው ሞከርኩ። በራሴ አፈርኩ። አሁን ግን ቆርጫለሁ። ልጀምር? ለባለቤቴስ ልንገረው?

ት. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ ት.፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳቤን ሸሽጌ መጨረሻ ላይ አላወጣውም፤ ረቡዕ አትጀምሪ። አትችይም ብዬ አይደለም። ትችይ ይሆናል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የቆረጠ ሰው ማቆም ያለበት ሰዓት ሲደርስ አያቆምም።

የክርስትናውን ቤት ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። በሰው ፊት ሆድ ተዳብሶ አብሮ መሳቅ እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። አማትሽ ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ። ለብዙ ትልልቅ ሰዎቻችን «ወፍረሻል» ማለት «ተመችቶሻል» ማለት ነው፤ የልጅ ልጅ ጉጉትም ይኖርበታል። ይህን ማወቅ ግን ሕመሙን አያሽርም። እስቲ ልጠይቅሽ። አማትሽ ያን ቀን ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ጉበትሽ ብለሽ ብቻ ይህን እቅድ ታወጪው ነበር? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

በውሃ ብቻ መጾም ለምን እንደሳበሽም ይገባኛል። «ክብደት ቀንሺ» ጫፍ የሌለው ትእዛዝ ነው። ይኼኛው ግን ረቡዕ ይጀመራል፣ ዓርብ ያልቃል። ምን ልብላ፣ ስንት ልብላ የለም። በቃ፣ ተዘጋ። ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ መዝጋት ትወዳለች።

እንግዲያው ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ምግብ ሲቋረጥ ሰውነት መጀመሪያ የሚነካው ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ነው። መቶ ግራም ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ጡንቻም የራሱ ክምችት አለው። ይህ ስኳር ብቻውን አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስኳሩ ሲወጣ ውሃውም ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኩላሊትም ጨው በብዛት ያስወግዳል፣ ጨው በሄደበት ውሃ ይከተላል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ሚዛን ላይ ስትወጪ ሁለት ሦስት ኪሎ ጠፍቶ ልታገኚ ትችያለሽ። ደስ ይላል። ግን ውሃ ነው። መብላት ስትጀምሪ ከጨውና ከእንጀራው ጋር ይመለሳል።

ስቡስ? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ አለው። በአንቺ ቁመትና ክብደት ያለች፣ ወንበር ላይ የምትውል ሴት በቀን 2,000 ካሎሪ አካባቢ ታቃጥላለች። በዐሥር ቀን 20,000። ይህ ሁሉ ከስብ ብቻ ቢመጣ እንኳ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ደግሞም ከስብ ብቻ አይመጣም፣ ጡንቻም ይነካል። ቪዲዮው ላይ ያለው «ዐሥር ኪሎ» እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ዐሥር ቀን ተርበሽ፣ ከሰው ተደብቀሽ፣ የምታገኚው እውነተኛ ነገር ሁለት ኪሎ አካባቢ ስብ ነው። አንቺ ይህን ደረሰኝ ትፈርሚበታለሽ?

ስለ ኖቤሉ የሰማሽው እውነት ነው፤ ግን ተጎትቶ ረዝሟል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ተሸልመዋል። ሴል ያረጀውን ነገር ፈጭቶ መልሶ የሚጠቀምበትን መንገድ ነው የገለጡት። የሠሩት ግን በእርሾ ላይ ነው፤ እኛ ዳቦ የምናቦካበት ዓይነት እርሾ። የአንዲት ሴት ጉበት በስንተኛው የጾም ቀን እንደሚጸዳ ሽልማቱ ምንም አይልም። «በአምስተኛው ቀን እንዲህ ይሆናል» ብሎ በሰንጠረዥ የሚያስቀምጥልሽ ሰው ከራሱ ነው የጨመረው።

ስኮትላንዳዊውም እውነተኛ ሰው ነው። አንገስ ባርቤሪ ይባላል። በ1965 ጀምሮ በ1966 ነው የጨረሰው። ሲጀምር 207 ኪሎ ገደማ ነበር። ቪዲዮው የማይነግርሽ፣ የዳንዲ ከተማ ሐኪሞች ደሙን እየመረመሩ፣ ቪታሚንና ፖታሲየም እየሰጡ ይከታተሉት እንደነበር ነው። ሠራተኛዋን ጨጓራዬ ነው ብሎ አልነበረም። በዚያው ዘመን በሐኪም ክትትል እንዲህ ጾመው የሞቱም አሉ። የእነሱን ቪዲዮ የሚሠራ የለም።

አሁን ወደ አክፍሎት። እውነትሽን ነው፤ ረሃብን ታውቂያለሽ፣ በባዶ ሆድ ስግደት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ይህን አላቃልልብሽም። ግን አክፍሎትን አክፍሎት ያደረገውን ሌላውን ነገር ተመልከቺ። ሁለት ቀን ተኩል አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግራ ቀኝሽ ሰው አለ፤ ብትወድቂ የሚያነሣሽ አይጠፋም። የታመመና ያረገዘች የንስሐ አባታቸውን ያማክራሉ፣ «አንቺ ይቅርብሽ» ይባላል። ዶሮ ሲጮኽ ያልቃል። አንቺ ያሰብሽው ግን ዐሥር ቀን፣ ብቻሽን፣ በምስጢር፣ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አለመብላቱ ብቻ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በአክፍሎት ጊዜ ክኒኗን ትወስጃለሽ ወይስ ትተያታለሽ? ውሃ በአፌ አይዞርም ካልሽ አትወስጃትም ማለት ነው። በዚህኛው ዐሥር ቀንስ ምን ልታደርጊ አስበሻል? ደብዳቤሽ ላይ የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የያዝኩት እሱን ነው።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሥራዋ ጨውና ውሃ በሽንት ማስወጣት ነው፤ ፖታሲየምንም አብራ ታስወጣለች። ጾሙም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንኑ ያደርጋል ብዬሻለሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ ግፊትሽ ከሚገባው በታች ሊወርድ፣ ፖታሲየምሽ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ፖታሲየም ሲጎድል ልብ ምቱን ይስታል። እዚህ ላይ አምስት ሊትር ውሃ ጨምሪ። ብዙ ሰው ውሃ በዛ ማለት ጤና በዛ ማለት ይመስለዋል። ምግብና ጨው ሳይገባ ውሃ ብቻ ሲንቆረቆር ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ያቺ ክኒን ለብቻዋም ይህን ልታመጣ ትችላለች። ስለዚህ ክኒን፣ ጾምና አምስት ሊትር አንድ ላይ፣ በፍጹም። ክኒኗን በራስሽ ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም። ስንት ትሁን፣ ትቀየር፣ ትቅር የሚለው የሐኪምሽ ነገር ነው።

ከላይ ሆኜ የምናገር እንዳይመስልሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት፣ ጤነኛ ነኝ ብዬ፣ መድኃኒትም ሳልወስድ፣ አምስት ቀን ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ጨዋታ አለፈ። ሁለተኛው ቀን ራሴን ፈለጠኝ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ። እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ረሃቡ ቀለለልኝ፤ ይህ የብዙ ሰው ልምድ ነው፣ ሰውነት በዚያን ጊዜ ከስብ የሚሠራውን ኬቶን መጠቀም ይይዛል። አየሽ፣ ተወጣሁት ብዬ ደስ አለኝ። ሙቅ ውሃ ታጠብኩና ብድግ ስል የፎጣው መስቀያ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከዚያ የማስታውሰው የሴራሚኩን ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ ነው። ቅንድቤ ላይ አራት ስፌት። እኔን ያነሣኝ ሰው ነበር። አንቺ ቤት ረቡዕ የሚኖሩት ልጅሽና ጨጓራ ነው የተባለችው ልጅ ናቸው። ሐኪም ቤት ይዛሽ ብትሄድ ምን ብላ ልትናገር ነው? «ጨጓራዋን ያማታል» ነዋ።

የሠርጉን ነገር ልምጣበት፤ ከእቅድሽ ሁሉ ይህ ነው የከፋው። በረጅም ጾም ብዙ ጊዜ አደጋው ያለው መብላቱ ሲጀመር ነው። ብዙ ቀን ሳይበላ የቆየ ሰው ድንገት ሲበላ ኢንሱሊን ይነሣል። ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ሴል ሲያስገባ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምንም ከደም እየሳበ ነው። እነሱ ደግሞ ቀድሞውኑ ተመናምነዋል። ድንገት ይወርዳሉ። ልብ ይዛባል፣ ትንፋሽ ይከብዳል፣ እግር ያብጣል፤ ሰው ሊሞትም ይችላል። ሐኪሞች ይህን በደንብ ያዩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በረሃብ የመነመኑ እስረኞች ነፃ ወጥተው ምግብ ካገኙ በኋላ ሲሞቱ ነው። በእንግሊዝ ያለው የሕክምና መመሪያ ከ5 ቀን በላይ ምንም ያልበላ ወይም እጅግ ጥቂት የበላ ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ከሚያስፈልገው ምግብ ከግማሽ በላይ እንዳይሰጠው ይላል። አንቺ ደግሞ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሠርግ ቤት ልትገድፊ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወጥ፣ ጠጅ፣ «በሞቴ» እያሉ የሚያጎርሱ አክስቶች። እናቶቻችን ፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ተልባ የሚያስቀድሙት እኮ ያለ ነገር አልነበረም፤ እነሱ ለሆድ ነበር ያሰቡት፣ ነገሩ ግን ያው ነው፣ ባዶ የቆየ ሰው በቀስታ ነው የሚገድፈው።

የፍሪጁን ሌሊት ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ለመጻፍ ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል። እኔ ግን እዚያ ጋ የሚያሳፍር ነገር አላየሁም። ሦስት ቀን የተራበ ሰውነት ምግብ ፈለገ። የቆራጥነት ማነስ አይደለም፣ ሰውነት የተሠራበት ሥራ ነው። የያዘኝ ጣትሽ ነው። ላስመልሰው ያልሽው። ያን ሌሊት ብቻ ነው ወይስ ከዚያ በፊትም ነበር? ተማሪ ሳለሽስ? ከወለድሽ በኋላስ? ከሰው ተደብቀሽ እስኪያምሽ የበላሽባቸው ሌሎች ሌሊቶች አሉ? መልስሽ «አዎ» ከሆነ ረጅም ጾም ለአንቺ አይሆንም፤ ዐሥር ቀን ብቻ ሳይሆን ሁለት ቀኑም። መራብና መጥገብ እየተፈራረቁ የሚጎትቱት ገመድ ነው፣ በጾም ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ይህን ለሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ለአእምሮ ጤና ሐኪም ንገሪ። «እብድ ነኝ እንዴ?» እንዳትይ። በጣም የተለመደ፣ ስም ያለው፣ የሚታከም ነገር ነው።

እና ምን ላድርግ ትይኝ ይሆናል።

ከማክሰኞ በፊት ግፊትሽን የሚከታተልሽን ሐኪም አግኚ። «ጤነኛ ነኝ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ በውሃ ብቻ ልጾም አስቤ ነበር፣ ባለፈው ወር ሞክሬ ሦስት ቀን ቆይቻለሁ» በይ። እንዲህ ስትናገሪ የሚታዘዝልሽ ምርመራ ይለያል። ኩላሊት፣ ፖታሲየምና ሶዲየም፣ የሦስት ወር የስኳር መጠን፣ ጉበት እንዲታዩልሽ ጠይቂ። የእርግዝና ምርመራም ጨምሪ፤ አማትሽ ስላሉ አይደለም፣ ክብደት ለመቀነስ ከመነሣትሽ በፊት ማረጋገጡ ስለሚሻል ነው። «ክብደት ቀንሺ» ብለው ቢሸኙሽ አትነሺ። «እንዴት?» በይ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ካላቸው ይላኩሽ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ እንደ ቪዲዮው አያጓጓም። ለጉበት ስብም ሆነ ለግፊት ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ ራሱ ለውጥ ያመጣል። ከ87 ኪሎ ይህ 4 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትይ ሁለት ወር ገደማ ነው። ጾም ከወደድሽም ያለሽን ጾም በቅጡ ጹሚው። ረቡዕና ዓርብ አለልሽ፤ ሐኪምሽ ካልከለከለሽና ለፍሪጁ ጥያቄ መልስሽ «አይ» ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማሳለፍ ትችያለሽ። ችግሩ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሚመጣው ነው። ብዙዎቻችን በሁዳዴ እንወፍራለን እኮ! ፓስታ፣ ሳንቡሳ፣ ዳቦ በማርማላት፣ ስኳር የተደረገበት ጁስ፤ ሁሉም «የጾም» ነው። ሳህንሽን አስቢው፤ እንጀራው ግማሽ፣ ጎመኑና ሰላጣው ከእንጀራው የሚበልጥ፣ ምስር ወይም ሽሮ ዘይቱ ቀነስ ያለ። ለስላሳና ጁስ ይቅር። ሻይ ላይ ያለውን ስኳር ከሦስት ወደ አንድ። ከቢሮ ስትወጪ ታክሲውን ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ። አውቃለሁ፣ አሰልቺ ነው። ግን ማታ ፍሪጅ ፊት አያቆምሽም።

ይህን የምታነቡ ሌሎችም ትኖራላችሁ፤ ሐኪም ፈቅዶላችሁ አንድ ቀን ልትሞክሩ ያሰባችሁ። ብቻችሁን አትሁኑ፣ መኪና አትንዱ፣ ስትነሡ ቀስ በሉ። ልብ ደረቴን ሊወጣ ነው ካላችሁ፣ ራስ ከዞረ፣ ሐሳብ ከተምታታ፣ አላቆም ያለ ማስታወክ ከመጣ ጾሙ አልቋል፤ ቀኑ ስላልሞላ ተብሎ አይቀጠልም። ያረገዘች፣ የምታጠባ፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ፣ ኩላሊቱን የታመመ፣ ሪህ ያለበት፤ እናንተ አንድ ቀኑንም አትሞክሩት።

ለባለቤቴ ልንገረው ወይ ላልሽው፣ አዎ። ፈቃድ ጠይቂው አላልኩሽም፤ ይወቅ ነው ያልኩሽ። «አይፈቅድልኝም» ያልሽው ነገር ውስጥ አንቺም የምታውቂው ፍርሃት ያለ ይመስለኛል፤ ሊያቆም የሚችል ሰው እንዳይኖር ነው የሄደበትን ሳምንት የመረጥሽው። ልሳሳት እችላለሁ። ሰኞ ማታ ልጁ ሲተኛ፣ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አጠገቡ ተቀመጪና ከአመጋገቡ ሳይሆን ከክርስትናው ቤት ጀምሪ። «ያን ቀን እናትህ ያሉኝ ነገር አቁስሎኛል። አንተም ስትስቅ አይቼሃለሁ።» ስቆ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ሳቀ ስላልሽ ነው። ካልሳቀ ያንን ተዪው። ከዚያ ሐኪም ቤት አብሮሽ ባይሄድ እንኳ ፊልድ ሆኖ ማታ ማታ እንዲደውልልሽ ጠይቂው። በተለይ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፤ ፍሪጁ የሚጠራሽ ያኔ ስለሆነ።

ቀሚሱን ዛሬውኑ ለሰፊው መልሺው። ጥልፉ ሳይነካ ጎንና ጎኑ ሊለቀቅ ይችላል፤ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካልተዉልሽ በዚያው ቀለም ጥለት ሁለት ጣት ያስገቡበታል። ሽሮ ሜዳ ይህ የየቀን ሥራ ነው። ሰኞ ከወሰድሽው እስከ ሠርጉ ይደርሳል። ከመቀነቱ ሥር ማን ያየዋል?

አማትሽ ሠርጉ ላይ ይኖራሉ ብዬ ገምቻለሁ። ደግመው ቢጠይቁሽ መሳቅ የለብሽም፣ መቆጣትም የለብሽም። እጃቸውን ያዝ አድርገሽ «እማማ፣ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው። እስከዚያ ሆዴን ይተዉልኝ» በያቸው። ከዚያ ተነሥተሽ የሚበላውን አንሺ፤ ጎመንም ይኖራል።